የከሰል እንቅልፍ

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 1976

ጭጋግ። ከሊማሊሞ በኩል ተነሥቶ እስከ ቀትር ከተማውን አልለቀቀም። ከዚያ ትንሽ ፀሐይ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ። ጠዋት ጎረቤቴ ፋንታዬ እሳት ልትጭር መጥታ ትንሽ ተቀመጠች። ስለ ልጇ ስለ ዓለምዬ አወራችኝ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ወሯ ገብቷል።

የምሸጠውን ጨው ስጠቀልል ዋልኩ። መጠቅለያው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ሳላነብ አልጠቀልልም። ፊደልም የለየሁት እንዲሁ ነው፣ ከቁራጭ ወረቀት። ዛሬ ስለ ስንዴ ዋግ አነበብኩ። መጨረሻው ተቀዷል። መቼስ የትኛው መጨረሻ አለው?

አመሻሽ ላይ ወርቄ አጥሩ ጋ መጣች። የብረት ቀጥቃጩ የይግዛው ሚስት። አጥር ለአጥር ነን። እነሱ ቤተ እስራኤል፣ እኛ ክርስቲያን። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን እሷ ቤቴ ገብታ አታውቅም፣ እኔም ቤቷ ገብቼ አላውቅም። የእነሱ ሕግ ከሌላ ሰው መነካካት አይፈቅድም። የእኛ ሰው ደግሞ ብረት የሚመታን ሁሉ ቡዳ ነው ብሎ ይሸሻል። አጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጨው ስትፈልግ ሳህኗን እዚያ አስቀምጣ ዞር ትላለች። አንሥቼ እሞላለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። እንዲያ ሆነን ነው የተዋደድነው።

ዛሬ ድንጋዩ ላይ ያስቀመጠችው ገመድ ነው። በገመዱ ጫፍ ከሰል አለ። ውሻቸው። ጥቁር፣ ደረቱ ላይ ብቻ ነጭ ነገር አለበት።

ለቅሶ ልንሄድ ነው አለች። ሩቅ ነው አለች። ልጆቿ ከኋላዋ ቆመዋል፣ ሁሉም ልብስ በልብስ ላይ ደርበዋል... በግንቦት?

"ያዥልኝ። እንዳይከተለን።"

"እስከ መቼ ነው?"

ወደ ልጆቿ ዞር ብላ አየች።

"ብቻውን ካገኙት ይገድሉታል፣ ሸጊቱ። አንቺ ጋ ይኑር።"

"ይኑር" አልኩ። ገመዱን ከድንጋዩ አነሣሁ። ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ሄደዋል። በራቸው ተዘግቷል። ከሰል ከማለዳ ጀምሮ ገመዱን ሲጎትት ዋለ። ፀሐይ ስትወጣ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ያላዝን ጀመር። ጩኸት ቢሆን ይሻል ነበር። ውሻ ጅብም ሲያይ፣ ሌባም ሲያይ ይጮኻል። ይህ ግን ልቅሶ ነው። ከሆዱ የሚወጣ፣ ረጅም...

እንጀራ ሰጠሁት፣ አልበላም። አሻሸሁት፣ ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።


ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ያው ነው።


ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ዝናብ አስፈራርቶ ቀረ።

ፋንታዬ መጣች። አልተቀመጠችም። ዓለምዬ እንቅልፍ አጥታለች አለች። ውሻ ያላዘነበት ሰፈር ሬሳ ይወጣበታል፣ ይህን ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

"ውሻሽ ሞት እየጠራ ነው።"

"ውሻዬ አይደለም።"

"በደጅሽ የታሰረ የማን ሊሆን ነው ታዲያ?"

ምን ልበላት? የመጀመሪያ ልጇ ናት እርጉዝ የሆነችው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን...

አረቄ አጠጪው አለችኝ። እንጀራ ነክሬ ሰጠሁት። ይህችን በላ። ከዚያ አስታወከ፣ ተንገዳገደ፣ ተቀመጠ። ተኛ ብዬ እፎይ ስል ጀመረ። እስከ ትናንት በደህናው ያላዝን ነበር፣ ዛሬ ሰክሮ አላዘነ። በአጥሩ ማዶ የሚሄዱ ሰዎች ቆመው ሳቁብኝ።

ያስቃል። እኔን ግን አላሳቀኝም።


ዓርብ፣ ግንቦት 10

ከመጠቅለያዎቹ ውስጥ አንድ ቁራጭ አገኘሁ! ስለ ከብት አያያዝ ነው። "የተሸበረ እንስሳ ጨለማና ጸጥታ ወዳለበት ስፍራ ይግባ። ከሁሉ በላይ ግን" ይልና ተቀዷል። ከሁሉ በላይ ምን? ግማሹን ቃርያ ጠቅልዬበት ይሆናል። ማን ወሰደው? አሁን ቤት ለቤት እየዞርኩ የቃርያ መጠቅለያችሁን አምጡ ልበል?

ያለውን ይዤ ጓዳ አስገባሁት። መስኮቱን በጆንያ ጋረድኩ። እንዳልረብሸው ሽንኩርቱንም አልወቀጥኩም። በር ሲቧጥጥ ዋለ። ጥፍሩ ደማ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ገበያ። ፀሐይ፣ አቧራ፣ አህያ፣ ሰው።

በገበያ ቀን ከደጄ ላይ ነው የምሸጠው። ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፎ የሚቀመጠው ዋሴ ነው። ከባዶ ጣሳ ኩራዝ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ዛሬ እባክህ ፈንጠር በል፣ ውሻ አሞብኛል አልኩት።

"ለውሻ ብዬ ቦታዬን ልልቀቅ? በል ተነሥ ይበለኝ፣ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ።"

ሰው ሳቀ።  ከሰል ሊያብድ ነው ብዬ ስሰጋ ቆይቼ ጓዳ ብቅ ብል... ተኝቷል። በጎኑ ተዘርግቶ፣ ምላሱ ትንሽ ወጥታ። መጀመሪያ የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። ይተነፍሳል። እስከ ማታ ድረስ እንዲያ ነው የተኛው።

ጨለማውና ጸጥታው ሠራ ማለት ነው? ወረቀቱ እውነቱን ነው!

(በኋላ።) ገበያው ተበትኖ፣ ዋሴም ዕቃውን ሸክፎ እንደሄደ ተነሣና ጀመረ። መስኮቱ እንደተጋረደ ነው። ጨለማውም ያው ጨለማ ነው። ምን ጎደለበት?


እሑድ፣ ግንቦት 12

ከቅዳሴ ስንወጣ መምሬ ወልደ ገብርኤል የውሻውን ነገር ሰምተው ጠየቁኝ። ትናንት ብቻ እንደተኛ ነገርኳቸው። ሳቁ።

"ልጄ፣ ይህማ የጌቶቹን ሰንበት የሚያከብር ውሻ ነው። ቅዳሜን አርፎ ዋለ።"

ለጨዋታ ነው ያሉት። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ አሰብኩበት። ለምን አይሆንም? ይግዛው ቤት ቅዳሜ እሳት አይነድም፣ ወናፍ አይነፋም፣ መዶሻ አይነሣም። ይህ ውሻ እዚያ ነው የተወለደው። እረፍት የሚያውቀው ቅዳሜን ብቻ ቢሆንስ?

እንዲያ ከሆነ ቀኑን ሁሉ ቅዳሜ አደርግለታለሁ።


ሰኞ፣ ግንቦት 13

እሳት አላነደድኩም። ቆሎና የትናንት እንጀራ በላሁ። አልወቀጥኩም፣ አልጠረግኩም፣ በእግር ጣቴ ስሄድ ዋልኩ።

ፋንታዬ እሳት ልትጭር መጣች።

"እሳት የለም።"

"እንዴት የለም? በሰኞ?"

ምድጃዬን አየች። እኔን አየች። የእነ ወርቄ አመል ያዘሽ እንዴ ብላ ወጣች። በሳቅ ነው ያለችው፣ ግን ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም።

ከሰል እንዳላዘነ ነው።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 14

ባሰበት። ገመዱን በላው። ሌላ ገመድ።

ዝም ባልኩ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል። አንድ ነገር ይጠብቃል። ምን? ስለማይመጣለት ነው የሚያለቅሰው... የሚጠብቀው እነሱን ከሆነ እኔ ከየት ላመጣቸው ነው? ተቆጣሁት። በጥፊ ልመታው እጄን አነሣሁ። መሬት ላይ ተለጠፈ። እጄን መለስኩ። ተያይዘን ተቀመጥን።


ረቡዕ፣ ግንቦት 15

ጓድ አሻግሬ መጣ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይዞ። ሰኞ ከጎንደር እንግዶች ይመጣሉ፣ አዳራሹ ጣሪያ ሊመታለት ነው፣ ሰፈሩ ሥርዓት መያዝ አለበት አለ። ጎረቤት አቤቱታ አቅርቧል አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ አውቃለሁ።

"እስከ ሰኞ ጠዋት ዝም አሰኝው። ካልሆነ ያርጋል መጥቶ ዝም ያሰኘዋል።"

ከጠባቂዎቹ አንዱ የሆነው ያርጋል ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ወጣት ነው፣ እናቱን አውቃታለሁ። ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ሊወጣ ሲል አሻግሬ የይግዛውን በር አየ። ክረምት ደረሰ፣ ገበሬው ማረሻ ተሸክሞ ይመጣል፣ ቀጥቃጩ የት ነው? አለኝ።

"ለቅሶ።"

"የማን ለቅሶ?"

"አልጠየቅኩም።"

"አንቺ መቼም አትጠይቂም" አለኝ።

ከጃናሞራም፣ ከወገራም ዘንድሮ ብዙ ቤተ እስራኤል ቤቱን ዘግቶ ወጥቷል። ሱዳን ነው ይላሉ። እኔ የተነገረኝ ለቅሶ ነው። የማውቀውም ለቅሶ ነው።


ሐሙስ፣ ግንቦት 16

ብፈታው ይሻል ይሆን? ሄዶ ቢደርስባቸውስ? መንገድ ላይ እያላዘነ ቢከተላቸውስ? እንዳይከተለን አለች። ለዚህ ነው የሰጠችኝ።

አልፈታውም። ባልፈታውም ይሞታል። አቤት...


ዓርብ፣ ግንቦት 17

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ደመና። ከሰል ከማለዳ ጀምሮ እያለቀሰ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ላይ ሰዎች ወጥተው ቆርቆሮ መምታት ጀመሩ። አዳራሹ ከእኔ ቤት በላይ ነው፣ ቅርብ ነው። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። አንዱ ሲያነሣ አንዱ ይመታል።

ከሰል ልቅሶውን አቋረጠ። ጆሮውን አቆመ። ዞረ፣ ዞረ፣ መሬቱን አሸተተ፣ እጥፍ ብሎ ተኛ። ቅዳሜ አይደለም። ዓርብ ነው!

ሠራተኞቹ ምሳ ወረዱ። ተነሣ። አላዘነ። ተመልሰው ወጡ። ተኛ።

እኔ ቂል። እኔ ድንጋይ። ቀጥቃጭ ቤት ተወልዶ ያደገ ውሻ! ወናፉ ሥር ነው የሚተኛው፣ ስንት ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ይግዛው በራሱ አናት ላይ መዶሻ ሲያወርድ ይህ ውሻ ያንኮራፋ ነበር። ለእሱ የመዶሻ ድምፅ ማለት ሁሉም ቤት አለ፣ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው። ቅዳሜም ቢሆን ሰዎቹ አጠገቡ ስለነበሩ ነው ዝም ብሎ የዋለው። እኔ ደግሞ ሰዎቹ ከሄዱበት ላይ ድምፁን ሁሉ አጠፋሁበት። በጨለማ ዘጋሁበት። ቅዳሜ ገበያ ያስተኛው ሰንበት አይደለም። ያ ፈንጠር በል ያልኩት ዋሴ ነው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 18

ገበያ። ካፊያ ነገር።

ዋሴ ሲመታ ከሰል ተኛ። እስቲ ትንሽ አቁም አልኩት። አቆመ። ውሻው ራሱን አነሣ፣ አፉን ሊከፍት... ምታ አልኩት። መታ። ራሱን መለሰ። ዋሴ መዶሻውን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"እንግዲህ ኩራዝ ትቼ እሹሩሩ ልበል?"

አሮጌ መዶሻ አውሰኝ አልኩት። ለምን? ነገርኩት። ሳቁን ተወ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ ሸጊቱ፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ ጣሳ ነው የምመታው፣ እኔን እንኳ ስንት ይሉኛል። ሴት ልጅ ብረት ስትመታ ካዩ ስም ይወጣልሻል። የወጣ ስም ደግሞ አይገባም።"

መዶሻውን ግን ሰጠኝ።

ማታ እሱ ከሄደ በኋላ ስም የማያወጣውን ሁሉ ሞከርኩ። ዘነዘናውን በሙቀጫ። እንጨት አይሆንም፣ ከሰል አንገቱን ሰብሮ አየኝና ማላዘኑን ቀጠለ። ባዶ ጣሳ። ጥቂት ስመታው ተጨፈለቀና ድምፁን አጣ። ከይግዛው አጥር ሥር ያለቀለት ማረሻ ተጥሎ አየሁ። አነሣሁት። ከባድ ነው። ጓዳ አስገብቼ ጆንያ አለበስኩት፣ ሰው እንዳያየው።


እሑድ፣ ግንቦት 19

በእሑድ ብረት አይመታም። ይህን ከሰል አያውቅም። ቅዳሴው እስኪያልቅ አላዘነ፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይሰማል። ሰው ዞር ዞር እያለ አየኝ። ዓለምዬ ጎኗን ይዛ ቆማ ነበር። እንዴት ነሽ አልኳት። እናቷ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

ያርጋል መንገድ ላይ ጠበቀኝ።

"ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ እትዬ። ታዝዤ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እርስዎ ባያዩ ይሻላል።"

ይህ ልጅ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ተቀምጬ አሰብኩ። በዚህ ሰፈር የኔን ነገር አንሥቶ የሚያወራ የለም። አልጣላም፣ አላወራም፣ የሰው ዓይን አይገባብኝም። ያለኝ ሀብት ይኸው ነው። ያለ ፋንታዬስ ማን አለኝ? እሳት እንጫጫራለን፣ ጽዋ አብረን እንጠጣለን፣ ብሞት የምታጥበኝ እሷ ናት። ለአንድ ውሻ?

ይኑር አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ።


ሰኞ፣ ግንቦት 20

ጭጋግ። እንደ መጀመሪያው ቀን።

ገና ሳይነጋጋ ጓዳ ገብቼ በር ዘግቼ፣ ማረሻውን በጆንያ እንደተጠቀለለ መታሁት። ዱም፣ ዱም። ከሰል አላወቀውም። እያላዘነ በሩን ቧጠጠ። ጆንያውን አነሣሁ፣ ነጠላዬን አደረግኩበት። ያው ዱም። ብረት ካልጮኸ ብረት አይደለም ለካ። መምታቴን ሰው እንዳይሰማ ፈልጌ፣ ውሻው ብቻ እንዲሰማ... ይህ ከየት ይመጣል?

አጥሩ በኩል የእግር ኮቴ ሰማሁ። ያርጋል ነው።

ማረሻውን አቅፌ ወጣሁ። ደጄ ላይ እንጨት የምፈልጥበት ግንድ አለ። እዚያ ላይ አስቀመጥኩት። ባዶውን። መታሁት። ጭጋጉን ሰንጥቆ ሄደ ድምፁ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ደግሜ መታሁ። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል... ይግዛው እንደዚያ ነበር የሚመታው። እንደማውቀው አላውቅም ነበር።

ከሰል ዝም አለ። እግሬ ሥር መጣ። ዞረ፣ ዞረ፣ ተኛ።

ያርጋል ጠመንጃውን እንደያዘ ቆሞ አየ።  እኔ አላቆምኩም። ከዚያ አፉን በእጁ ሸፈነ፣ ሳቁን ሊደብቅ ነው።

"ተኛ እኮ!"

"ዝም አሰኝው ነው የተባልኩት። ዝም ብሏል።"

"ብሏል" አለ። "ጓድ አሻግሬን ዝም ብሏል እለዋለሁ። ውሸት አይደለም።" ሄደ።

እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም፣ እንዳይነሣ። ጭጋጉ ሲገለጥ ሰው በየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ። አንድ ገበሬ ከነማረሻው እየሮጠ መጣ፣ ይግዛው ተመለሰ ወይ ብሎ። እኔን አየ። ማረሻውን አየ። አማተበና ተመለሰ። እንግዶቹ በመኪና አለፉ። ማንም ስለ ውሻ አላነሣም።

ማታ እሳት ልጭር ፋንታዬ ጋ ሄድኩ፣ የእኔ ጠፍቶ ነበር። በሩ ገርበብ ያለ ነው። ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው። ከውስጥ፣ ዓለምዬ ትመስለኛለች፣ "ኧረ እማ" ስትል ሰማሁ። አንድ ነገር ዓለምዬን ቢያገኛት ከእንግዲህ ውሻው ብቻ አይደለም የሚከሰሰው።

ያለ እሳት ተመለስኩ። ክብሪት ፈልጌ አገኘሁ፣ ርሷል። ተናደድኩ። አለቀስኩም። ከሰል እጄን ላሰ፣ መዳፌ ተልጦ ነበር።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ እሄዳለሁ። ቀስ ብዬ፣ ላላ አድርጌ፣ እስኪረሳው። ይረሳው ይሆን?


ማክሰኞ፣ ግንቦት 21፣ ማርያም

ብሩህ። ጭጋግ የለም። እኔና ከሰል።

ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸለይኩ። በቀኗ ብረት ልመታ ስለሆነ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለወርቄም ለልጆቹም ጸለይኩ። የት ደርሰው እንደሆነ አላውቅም፣ ባውቅም አልጽፈውም።

ክብሪቱ ደርቆ ነበር፣ እሳት አያያዝኩ። ለከሰል የትናንቱን እንጀራ ሰጠሁት፣ በላ። መዳፌን በጨርቅ አሰርኩ። ማረሻውን አወጣሁ። በጓዳ አልመታሁም፣ ደጄ ላይ፣ ግንዱ ላይ። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል። ከትናንት ቀስ አድርጌ። ከሰል እግሬ ሥር ተኛ።

ፋንታዬ ወጣች። ዛሬ የማርያም ጽዋ እሷ ቤት ነው። ሳህን ይዛለች። ጨው ፈልጋ ነው። ሁልጊዜ ገብታ ከጆንያው ራሷ ነበር የምትዝቀው።

አልገባችም። አጥሩ ጋ ሄደች። ሳህኑን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ዞር አለች።

መዶሻውን አኖርኩ። ከሰል አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሄጄ ሳህኑን አነሣሁ። ሞላሁት፣ ከአናቱ ጨመርኩበት። መልሼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ። ወስዳ እስክትገባ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ወደ ግንዱ ተመለስኩ። መታሁ። ከሰል ዓይኑን ከደነ።